ከእትዬ ሮዛሊያ ምልክት በላይ

ቦርዞሽ፣ ሰኞ ኦክቶበር 6 ቀን 1930



ዛሬ አዲሱ የትምህርት ተቆጣጣሪ መጣ። አቶ ሙሬሻን ይባላል። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ የመንደራችንን ጭቃ እንደ ግል ስድብ የሚቆጥር ሰው ነው። ሳያስታውቅ መጣ፤ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገባ። ልጆቹ ተነሥተው በሃንጋሪኛ ሰላምታ ሰጡት። "በአገሩ ቋንቋ!" ብሎ ጮኸባቸው። አገሩ! እኛ ከአልጋችን ሳንነሣ ነው ከሃንጋሪ ወደ ሮማንያ የተዛወርነው። ድንበሩ በላያችን አለፈ እንጂ እኛ የትም አልሄድንም።

ከዚያ የቶቢያሽን ልጅ ዩሊሽን አስነሣት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ ለፍላፊዋ እሷ ናት። በመስኮቱ ወንዙን እያሳየ በሮማንያኛ ስሙን ጠየቃት። በየበጋው የምትንቦራጨቅበት ወንዝ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ነገረችው። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ ነገረችው። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይህች ልጅ ዲዳ ናት" አለኝ። ከዚያም ክፍሉ በሙሉ በሮማንያኛ "ዲዳ" እንዲላት አዘዘ። "ቢያንስ አንድ ቃል ትማራላችሁ" ብሎ ሳቀ።

ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ወለሉ ላይ የፈሰሰ ቀለም ነበር፤ ሳይደርቅ መጥረግ አለብኝ ብዬ እያሰብኩ ነበር።

አሉ። መጀመሪያ ሁለቱ፣ ከዚያ ሁሉም አሉ። ዩሊሽ አላለቀሰችም። ይህ ሰውዬ ግን፣ ይህ ቀማኛ፣ ይህ በጠራራ ፀሐይ የሕፃን ምላስ የሚመነትፍ ሌባ! ማታ እራት ላይ ለእህቴ ለሳሮልታ ስነግራት በጡጫዬ ጠረጴዛውን መታሁት፤ ወጡ ተደፋ። "አንተስ ምን አልከው?" አለችኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ተቆጣጣሪ እኮ ነው።

ሐሙስ ኦክቶበር 9

ደብዳቤው ደረሰ። የቦርዞሽ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከማርች 1 ጀምሮ ይዘጋል። ምክንያት፦ ተማሪዎቹ የመንግሥቱን ቋንቋ አያውቁም፤ መምህሩም ብቃት የለውም። መምህሩ እኔ ነኝ። ሃያ አራት ዓመት ያስተማርኩ፣ እሑድ እሑድ ኦርጋን የምመታ፣ የዚህን መንደር ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ዴኔሽ ብቃት የለኝም!

ማክሰኞ ኦክቶበር 14

ፓስተር አሮን ከከተማ ጠበቃ ቫዳስን ይዘውት መጡ። ጠበቃው ብርድ የማይለቀው ቀጭን ሰው ነው፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው የተናገረው።

"ሮማንያ ይህን ምድር ስትረከብ ስምምነት ፈርማለች። ከሕዝቡ በቁጥር የሚያንሱት ሁሉ በራሳቸው ቋንቋ ትምህርት ቤት ሊኖራቸው ይችላል ይላል። ይህን የሚጠብቀው ጄኔቫ ያለው የመንግሥታት ማኅበር ነው። አቤቱታ መላክ ትችላላችሁ።"

"አቤቱታ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ምናልባት ምንም። ምናልባት ግን ጄኔቫ ማብራሪያ ስትጠይቅ እነዚህ ባለሥልጣናት ጥቂት ጊዜ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ለእናንተ አንድ ዓመት ብዙ ነው።" ከዚያ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ። "ግን ደንብ አለው። ስም የሌለው አቤቱታ አይቀበሉም። ድንበር ይቀየርልን የሚል አይቀበሉም። ከሁሉም በላይ ስድብና የቁጣ ቃል ያለበትን አይቀበሉም። አንዲት መስመር ብትኖር እንኳ ሳያነቡት ይመልሱታል። ሰማህ፣ መምህር?"

ለምን እኔን እያየ እንደተናገረ አልገባኝም።

ሰኞ ኦክቶበር 20

ዩሊሽ ክፍል ውስጥ መናገር አቁማለች። የሒሳቡን መልስ ጠየቅኋት፤ በጣቶቿ አሳየችኝ። ሰነፍ አትሁኚ ብዬ ተቆጣኋት። ቤቴ ስደርስ በራሴ አፈርኩ።

ሰኞ ኦክቶበር 27

ፓስተር አሮን ረቂቁን አነበቡልኝ። "በታላቅ ትሕትና እናሳስባለን።" "አንዳንድ አለመግባባቶች ተከስተዋል።" አለመግባባት! ስለ ዩሊሽ ያለው ይህ ነው፦ "በአንድ ወቅት አንዲት ሕፃን ተማሪ ከተቆጣጣሪው ጥያቄ የተነሣ ተሸማቃለች።"

"ፓስተር፣ ይሄ አቤቱታ ነው የምስጋና ደብዳቤ?"

"ዴኔሽ፣ ተናደህ የጻፍከውን ሰው አያነብልህም።"

"እርስዎ አልነበሩማ! አላዩትም!"

"አንተ ግን ነበርክ" አሉኝ ቀስ ብለው። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልጠየቅኋቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ሰው አንዳንዴ ያንገሸግሸኛል።

ወደ ፈረንሳይኛ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ከመንደሩ ከእኔ ሌላ የሚችል የለም። የተማርኩት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። በጦርነቱ ተማርኬ ሁለት ዓመት ፈረንሳይ አገር ድንጋይ ስፈልጥ ከጠባቂዎቹ አፍ የለቀምኩት ነው። "በታላቅ ትሕትና" የሚለውን ከመዝገበ ቃላት መቆፈር አለብኝ። ስድቡ ግን ሳልጠራው ይመጣል።

እሑድ ኖቬምበር 2

ዛሬ ፈረምን። ሳልረሳው ሁሉንም ልጻፍ።

በቦርዞሽ ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚቀመጠው አባቱ በተቀመጠበት ነው። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ፤ አዛውንት ከፊት፣ ወጣት ከኋላ። ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበውም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውም በዚሁ ተራ ነው። ስለዚህ ፊርማውም በወንበር ተራ ይሁን ተባለ። ከፊቱ የተቀመጠው ሳይፈርም የሚፈርም የለም።

ፓስተሩ ጽሑፉን በሃንጋሪኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ። ማንበብ የማይችሉት ብዙ ናቸውና ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ። "የምትፈርሙት ይህን ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም" አሉ። ከመጀመሪያው ወንበር አዛውንቶቹ ፈረሙ። ሁለተኛው ወንበር ጫፍ ላይ ቶቢያሽ አለ፤ የዩሊሽ አባት፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት። ብዕሩን ሰጡት። አልተቀበለም።

"የመጠጥ ቤት ፈቃዴ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። እኔ ብፈርም በበነጋው ይዘጉብኛል። ልጆቼን ጄኔቫ አታበላልኝም።"

"ልጅህን ምን እንዳደረጓት ታውቃለህ!" አልኩት ከኦርጋኑ ላይ ሆኜ።

"አንተ ዝም በል መምህር፤ አንተማ ዝም ማለት ታውቅበታለህ" አለኝ። ሰካራሞችን ሲቀልቡ የኖሩ እጆች! ደሜ ፈላ።

ከእሱ ኋላ አርባ ሦስት ወንዶች ብዕሩን እየጠበቁ ቁጭ አሉ። አንዱ ሳል ሳል አደረገው። ሌላው ጣራውን ማየት ጀመረ። እውነቴን ነው፣ አንድ ሰው ዘሎት ሊፈርም ይችል ነበር፤ ግን እዚህ አገር ሰው ሞቶ እንኳ ወንበሩ አይዘለልም።

ያኔ ከሴቶቹ በኩል የቶቢያሽ እናት እትዬ ሮዛሊያ ተነሡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በዱላ እየተረዱ መሐል መንገዱን ተሻገሩ። ሴት ወደ ወንዶቹ በኩል ስትሻገር እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ልጃቸውን በዱላቸው ጎን ጎኑን ነካ ነካ አደረጉት።

"ጠጋ በል።"

"እማዬ፣ እባክሽ ሰው ፊት..."

"ጠጋ በል አልኩህ። ይህ ወንበር የአባትህ ነው፤ ከአባትህ በፊት የአባቱ ነበር። አንተ ገና ትናንት ነው የተቀመጥክበት።"

ቶቢያሽ ጠጋ አለ። እትዬ ሮዛሊያ ተቀመጡ፤ ብዕሩን እንደ ማንኪያ ጨብጠው ወረቀቱ ላይ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት አደረጉ። ከዚያ ፓስተሩን ቀና ብለው አዩ። "ያነበብከው ነው አይደል ከላይ ያለው?"

"እሱው ነው፣ እትዬ።"

"እንግዲህ እግዜር ያውቃል" ብለው ብዕሩን ወደ ኋላ አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ብዕሩ የትም አልቆመም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ቅዳሜ ኖቬምበር 8

ከጠዋት ጀምሮ ስተረጉም ዋልኩ። ስምንት ገጽ። የፓስተሩ ቃላት እንደ ለብ ያለ ውሃ ናቸው፤ ሰባተኛው ገጽ ላይ ስለ ዩሊሽ ያለው ደረሰ። "ተሸማቃለች።" ለዚህ የሚሆን የፈረንሳይኛ ቃል አጣሁ። ብዙ ቃል አሰብኩ። ያ ጫማ ፊቴ መጣ፤ ያ ባርኔጣ፤ ሃያ ሰባት ሕፃናት ባንድ ድምፅ።

"ምን እያጉተመተምክ ነው?" አለችኝ ሳሮልታ ከምድጃው አጠገብ።

"እየተረጎምኩ ነው።"

"ትርጉም እንዲህ ጥርስ ያስነክሳል?"

አንድ ተርጓሚ የደከመ ቦታ ሲያገኝ ማገዝ አለበት። ይህን ማንም ያውቃል። ሲያልቅ ልቤ ቀለል አለኝ፤ ከዚያ ከተረገመ ሰኞ ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ደህና በላሁ። የበቆሎ ገንፎ ሁለት ሳህን።

ማክሰኞ ኖቬምበር 11

ፓስተሩ ትርጉሙን አገላበጡት፤ ፈረንሳይኛ አንዲት ፊደል አያውቁም። "ልክ እንደኔው ነው?" አሉ።

"መንፈሱ ልክ ነው።"

የፊርማውን ወረቀቶች ከኋላ ሰፋሁ፤ ፖስታውን በሰም አሸግሁ። ጠበቃ ቫዳስ ቪየና ሲሄድ ከዚያ ይልክልናል፤ ከእኛ ፖስታ ቤት ብንልከው ይከፈታል። "ከመሄዴ በፊት ላየው ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ታሽጓል አልኩት። ታሽጎ ነበር እኮ።

ረቡዕ ዲሴምበር 24

መልስ የለም። ዩሊሽ በገና መዝሙሩ አፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፤ ድምፅ ግን አይወጣትም። ከኦርጋኑ ላይ ሆኜ አያታለሁ። እያንዳንዱ የጄኔቫ ጸሐፊ ይህን ቢያይ!

ዓርብ ጃንዋሪ 9፣ 1931

የቶቢያሽን መጠጥ ቤት ዘጉበት። ፈቃዱ አልታደሰም። የእናቱን ምልክት አንድ ሰው ለባለሥልጣናቱ ወሬ አድርጎ አድርሷል። መንገድ ላይ አገኘሁትና ማጽናናት ፈለግኩ፤ ምራቁን እግሬ ሥር ጢቅ አድርጎ አለፈ። እኔ ነኝ እንዴ የዘጋሁበት? ሁሉም ሰው ንዴቱን እኔ ላይ የሚያራግፈው ለምንድን ነው? ይሁን፤ መልሱ ሲመጣ ያፍራል። ሁሉም ያፍራል።

ዓርብ ጃንዋሪ 23

መጣ። ፓስተሩ በበረዶ እየሮጡ ይዘውት መጡ፤ እኒያ ሰው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። "ያው አንተ ነህ የምታነበው" ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

አንድ ገጽ ነው። አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት።

"ምን ይላል?"

"አልተቀበሉትም።"

"ለምን?"

"ደንብ ነው" አልኩ። "አንድ የደንብ ነገር ነው።"

"ምን ደንብ? ስማችን አለ። ስለ ድንበር አልተናገርንም።"

"አላውቅም ፓስተር! ፈረንሳይኛው ውስብስብ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። እሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ምናልባት እኔ አሳንሼ ጽፌው ይሆናል" አሉ። "በደሉን በደንብ አላሳየሁ ይሆናል።"

ደብዳቤውን አጠፍኩት።

ተራ ደብዳቤ ነው። ጨዋ ደብዳቤ፣ ጨዋ ማኅተም። ሰው ሲቀማ ቆመው እያዩ ድምፅህን ዝቅ አድርግ የሚሉ ጨዋዎች! ሕፃን ሲረገጥ የሚገዳቸው የረጋጩ ስም አለመጥፋቱ ነው! በዚህ ዓለም ፍርድ ቤት የሚገባው ሳይጮህ የሚያለቅስ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው? ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ነበር። ሳሮልታ ከእጄ ነጥቃ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ማንበብ ባትችልም እኔን ታነበኛለች።

እሑድ ፌብሩዋሪ 1

ሰው በፓስተሩ ላይ ተነሥቷል። ከአገልግሎት በኋላ በረንዳው ላይ ሰማሁ። "ያን ለስላሳ ቃላቱን አንብበው ስቀው ነው የመለሱት።" "ሲለምን የኖረ ሰው ምን ይጽፋል?" "መምህሩ ቢጽፈው ኖሮ!" ሲሉ አንዱ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ፓስተሩ በአጠገባችን አለፉ። ሰላም ያላቸው የለም። እኔም፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

ዓርብ ፌብሩዋሪ 6

ጠበቃ ቫዳስ መጣ፤ ሳሮልታ እኔን ሳታስፈቅድ ደብዳቤውን ሰጠችው። እሱ ፈረንሳይኛ አሳምሮ ያነባል ለካ። አነበበና ካፖርቱን አወለቀ። ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም።

"የቁጣ ቃል ስላለበት፣ ይላል። ሰባተኛ ገጽ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ፓስተሩ ያነበቡልኝ ሃንጋሪኛ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ምን ጨመርክ?"

"እውነቱን።"

"እውነቱን አልጠየቅኩህም። ምን ጻፍክ?"

ነገርኩት። ዓይኑን ጨፈነ። "ለአንዲት ዓረፍተ ነገር!" አለ። "አሁን አዲስ ብንልክም ማርች 1 ይቀድመናል።" ከዚያ ካፖርቱን መልሶ ለበሰ። "እስከ እሑድ ድረስ ለፓስተሩ ትነግራቸዋለህ። ካልሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ሳሮልታ ወጡን እያማሰለች፣ ዞራ ሳታየኝ፣ "ብላ" አለችኝ። አልበላሁም።

እሑድ ፌብሩዋሪ 8

ቅዳሜ ወደ ፓስተሩ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ከበር ተመለስኩ። ዛሬ የመጨረሻውን መዝሙር ሳልመታ ከኦርጋኑ ወረድኩ። መሐል መንገዱ ላይ ቆሜ፣ "አቤቱታውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ፓስተሩ አይደሉም። በፈረንሳይኛው ውስጥ ያልፈረማችሁበትን ጨምሬያለሁ።"

  ከግራ በኩል ዱላ ወለሉን መታ። እትዬ ሮዛሊያ ነበሩ፤ አልተነሡም።

"ከምልክቴ በላይ ምን ጻፍክበት?"

"እትዬ..."

"እኔ ፊደል አላውቅም። ተነቦልኝ ነው ያደረግኩት። ልጄ እንጀራው ተዘግቶበታል። ምን እንዳልኩ ልወቀው እንጂ።"

በሃንጋሪኛ አልኩት፤ አንድም ቃል ሳልቀንስ። "እነዚህ ሰዎች አስተማሪ ሳይሆኑ ቀማኞች ናቸው፤ የሕፃን ምላስ ቆርጠው ዲዳ ነሽ ብለው የሚስቁ፣ ሰው መባል የማይገባቸው አውሬዎች ናቸው።"

ከኋላ ወንበሮች አንድ ሁለት ሰው "እውነት ነው!" አለ። ቶቢያሽ ራሱ ቀና አለ። ለአንድ አፍታ፣ ልደብቀው አልችልም፣ ደስ አለኝ።

"እውነትማ ነው" አሉ እትዬ ሮዛሊያ። "እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ እለው ነበር። ግን ዴኔሽ፣ ልጄ፣ ሰውዬው እኮ ፊትህ ቆሞ ነበር። ያኔ ለምን አላልከውም?"

ዱላቸውን ወደ እኔ ቀና አደረጉ።

"ዩሊሽ ለሰው አትናገርም፤ ለእኔ ግን ማታ ማታ በብርድ ልብስ ውስጥ ትነግረኛለች። መምህሩ ወለሉን ያይ ነበር አለችኝ። እኔ ለሰው አልተናገርኩም፤ ይፈራል፣ ሰው ነው፣ አልኩ። በእሱ ፊት ያጣኸውን ቃል በእኔ ምልክት ተከልለህ ስትናገረው ግን..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ከእሳቸው ቀድሞ የሚወጣ ስለሌለ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ቆሞ ጠበቃቸው።

ፓስተሩ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጡ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። "መዝሙሩን ምታው ዴኔሽ" አሉ። "ሰው እየወጣ ነው።"

ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 28

ሙሬሻን ቁልፉን ሊወስድ መጣ። ልጆቹ ደብተራቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ባርኔጣውን እንዳደረገ ገባና እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉን ሰጠሁት።  ሌላ ምንም አልመጣልኝም፤ ያ ሁሉ ስድብ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

"ባርኔጣዎን ያውልቁ" አልኩት በሮማንያኛ። "ልጆች አሉ።"

"ምን አልክ?"

"ባርኔጣዎን ያውልቁ።"

አላወለቀም። ስሜን ማስታወሻው ላይ ጻፈና ወጣ። ሰኞ የገጠር ፖሊሶች ሊወስዱኝ ሊመጡ ይችላሉ፤ ለሳሮልታ ነግሬያታለሁ፤ ወፍራም ካልሲዬን አውጥታ ሰቅላለች።

ዩሊሽ የወጣችው ከሁሉም በኋላ ነው። ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደች፤ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ያን ከኦክቶበር ጀምሮ የደረቀ ቀለም መፋቅ ጀመረች። "ተይው፣ አይለቅም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።